ወሎን ያወቅኩት በቅሬ በኩል ነው

ለሥራ ወደ ወሎ ተመድባችሁ ይሆናል። ወይም ስለ አንድ አካባቢ ባህል ጻፉ ተብላችሁ ከየት እንደምትጀምሩ ግራ ገብቷችሁ ይሆናል። እኔን ወደዚያ የወሰደኝ የገጠር ውሃ ሥራ ነው። ምንጭ ማጎልበት፣ የእጅ ፓምፕ መትከል፣ የውሃ ኮሚቴ ማቋቋም። ባህል የማጥናት ሐሳብ አልነበረኝም። ግን የውሃ ሥራ ሰውን ሳያውቁ አይሠራም። ማን ከማን ጋር እንደሚቀዳ፣ የማን ቃል እንደሚሰማ ካላወቃችሁ ፓምፑ ዓመት ሳይሞላው ቆሞ ይቀራል።

ከመሄዴ በፊት ስለ ወሎ የማውቀው ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ነበር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ እዚያው ያሉ ቦታዎች ስም ናቸው። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት። መስከረም 21 ቀን የሚነግሠው የግሸን ማርያም በዓል። የወሎ ቆንጆ። (ይቺን የመጨረሻዋን እባካችሁ ተዉአት። አብራኝ የምትሠራ የአካባቢው ልጅ ነበረች፤ ጎበዝ የጂኦሎጂ ባለሙያ። «ከየት ነሽ?» ስትባል መልሷ ገና ከአፏ ሳይወጣ ፊቷ ይጠቁር ነበር። ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለቻ።)

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ለእንግዳም ደስ ይላል። ነገር ግን ከአንድ ሕዝብ ጋር መኖር የምትፈልጉ ከሆነ ከበዓል ቀን አትጀምሩ። በዓል ሁሉም ሰው ጥሩ ልብሱን የለበሰበት ቀን ነው። ከለቅሶ ጀምሩ፤ ለቅሶውን ከሚያሰናዳው የመንደር ማኅበር፣ ከቅሬ።

መጀመሪያ የሚያምታታችሁ ወሎ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። የድሮው የወሎ ክፍለ ሀገር ዛሬ ተከፋፍሏል። ደቡብ ወሎ፣ ሰሜን ወሎ፣ ዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን አማራ ክልል ውስጥ ናቸው። ምሥራቁ ቆላ ወደ አፋር ሄዷል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አርጎብኛ፣ ኽምጣና፣ አፋርኛ ይነገራል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሰቆጣ ብትሆኑ ልጃገረዶቹ ሻደይ ይጫወታሉ። ላስታ ላይ አሸንድዬ ነው። ቆቦ ሶለል ይባላል። ወደ ደቡብ ስትወርዱ ደግሞ ጀማ ንጉሥ ላይ ለመውሊድ የሚሰበሰበው ሰው መንዙማውን ሌሊቱን ሙሉ ይለዋል።

ሰኞ ቀን ባቲ ገበያ ሄዳችሁ ቁሙ። ከኮምቦልቻ ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። አፋሩ ግመሉን ነድቶ ከቆላ ይወጣል፣ ደጋው እህሉን ጭኖ ይወርዳል፣ የባቲው ኦሮሞ መሀል ላይ ነው። አንድ ፍየል እስኪሸጥ ሦስት ቋንቋ ትሰማላችሁ። ታዲያ እነዚህን ሁሉ ምን ያገናኛቸዋል ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ቋንቋ ብላችሁ መመለስ አትችሉም። ሃይማኖትም ብላችሁ አትችሉም።

ታሪኩን ትንሽ ማወቅ ይረዳችኋል፤ ብዙ አያስፈልግም። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ፣ ትልቅ የትምህርት ገዳም ነበር። ከየጁ የተነሱት መኳንንት ጎንደር ላይ ሆነው እስከ 1845 ዓ.ም. ድረስ ንጉሥ አንጋሽ ሆነው ኖረዋል። ለዛሬው ኑሮ ግን ከሁሉም በላይ የሚጠቅማችሁ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደሴ ወጣ ብሎ ባለው በዚህ ሜዳ ላይ የሃይማኖት ጉባኤ አደረጉ። ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሹማምንት እንዲጠመቁ ተገደዱ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሆኑ፤ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል። የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው። እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉት ደግሞ አሻፈረን ብለው ተነሱ። ከተራው ሰው አንዳንዱ ተሰደደ፣ አንዳንዱ ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ጫናው ሲላላ ብዙው ተመለሰ፣ ሌላው በተጠመቀበት ጸና። አንድ ቤተሰብ ለሁለት ተከፍሎ ቀረ።

ይህንን የማነሳው ምክንያት አለኝ። ስለ ወሎ ሲወራ «የፍቅር አገር» ተብሎ ይታለፋል። እኔ እዚያ ያየሁት ከፍቅር በፊት ሥርዓት ነው። በግድ የተለያየ ቤተሰብ እንደገና አብሮ መብላትና አብሮ መቅበር ሲኖርበት፣ ማን ምን እንደሚያደርግ ተነጋግሮ መደልደል ነበረበት። የዛሬው ወሎዬ የወረሰው ያንን ድልድል ይመስለኛል። ከመዝገብ ላይ ስም ስትጠሩ ታዩታላችሁ። «አበበ ሰይድ»፣ «ፋጡማ ተፈራ» ዓይነት ስም ይመጣል። አያትና የልጅ ልጅ ሃይማኖታቸው ይለያያል። ለእነሱ ምንም አይደለም። ለእናንተ ይገርማችኋል። መገረማችሁን ዋጥ አድርጉት።

አሁን ወደ ቅሬው ልምጣ።

ቅሬ አዲስ አበባ ላይ እድር የምንለው ነው፤ ግን ይሰፋል። የከተማ እድር በአብዛኛው የገንዘብ፣ የድንኳንና የወንበር ጉዳይ ሆኗል። የወሎ ገጠር ቅሬ ጉልበት ነው፣ ፍርድም ነው። ዳኛ አለው። የቅሬ ዳኛ ይባላል። ጸሐፊ አለው፤ ሰው የሚጠራ ጠሪ አለው። አባል የሚሆነው በመንደር ነው። እዚያ መንደር ከኖርክ እዚያ ቅሬ ነህ፣ በቃ። መስጊድ ሂድ ቤተ ክርስቲያን ሂድ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሰው ሲሞት ጠሪው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወጥቶ ይጣራል። የሚያርሰው በሬውን ይፈታል። ሟች ሙስሊም ከሆነ ጊዜ የለም፤ ቀብሩ ብዙ ጊዜ የዚያኑ ዕለት ነው። ክርስቲያኑ ዶማና አካፋውን ይዞ ከሙስሊም ጎረቤቱ ጋር ይቆፍራል። ቃሬዛውን እየተቀባበሉ ይሸከማሉ። ሰላቱ ሲሰገድ ክርስቲያኖቹ ፈንጠር ብለው ይቆማሉ፤ ሲያልቅ ተመልሰው አፈር ያለብሳሉ። ሟች ክርስቲያን ሲሆን ደግሞ ሙስሊሞቹ አስከሬኑን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያደርሳሉ። ፍትሐቱ እስኪያልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳል። ሴቶቹ እንጀራውንና ንፍሮውን ይዘው ቀድመዋል።

እኔን የገረመኝ ነገር ቢኖር የማንም ፊት ላይ «ይኸው፣ ተቻችለን እየኖርን ነው» የሚል ነገር አለመኖሩ ነው። ዛፍ ሥር የተቀመጡት ሰዎች ስለ ማሽላው ያወራሉ። አንዱ ጫማው ውስጥ የገባ ጠጠር ያራግፋል። ጸሐፊው ማን እንደቀረ ይቆጥራል። የቀረ ይቀጣል። ዘግይቶ የመጣም ይቀጣል።

ደብተሩን ለምኜ አይቼዋለሁ። ልጆች ትምህርት ቤት የሚይዙት ተራ ደብተር ነው፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተለጠፈ። በግራ በኩል ስም። ከዚያ «ቀረ»፣ «ዘገየ»፣ «ታሞ ነው»፣ «እንጨት አላመጣም»። በቀኝ በኩል የቅጣቱ ብር። አንዳንዱ ስም አጠገብ «ተከፍሏል» ተብሎ ተፈርሟል። የእኛ መሥሪያ ቤት ቅጽ ላይ «ሃይማኖት» የሚል ረድፍ ነበረው። እዚህ የለም። ስሙን እያየሁ የትኛው ሙስሊም የትኛው ክርስቲያን እንደሆነ ለመገመት ሞክሬ ግማሹ ላይ ተውኩት።

ከቅሬ መባረር ቀላል አይደለም። የተባረረ ሰው እሳት የሚጭርለት የለም። ሲሞትበት የሚቀብርለት፣ ሲድር ዳስ የሚጥልለት የለም። ስለዚህ የቅሬ ዳኛ ሲናገር ይሰማል። እኛም ጋ የሆነው ይኸው ነው። የውሃ ሥራው መመሪያ የሚለው ስብሰባ ጥሩ፣ ኮሚቴ አስመርጡ፣ ወርሃዊ መዋጮ ይሰብስብ ነው። ተጠራ፣ ተመረጠ፣ ተጨበጨበ። መዋጮው ግን አልመጣም። ሊቀ መንበሩ ሰው ቤት ሄዶ ብር መጠየቅ ያፍራል። አንድ ቀን የምንጩን አጥር የሚያጥሩ ሽማግሌ «ልጄ፣ ይኸን ነገር ለቅሬ ብትሰጡት ምናለ?» አሉኝ። ለዳኛው ነገርናቸው። እሳቸውም ከአንድ ቀብር መልስ፣ ሰው ሳይበተን፣ ጉዳዩን አነሱት። የውሃ መዋጮ ያልከፈለ እንደ ቅሬ መዋጮ ያልከፈለ ይቆጠራል ተባለ። ንግግሩ ሻይ የሚያፈላ ጊዜ እንኳ አልወሰደም። ብሩ በሳምንቱ ገባ። ፓምፑ ሲበላሽም ጠጋኝ የሚጠራው፣ ዘበኛ የሚቀጥረው ያው ቅሬው ሆነ። ለጤና ኤክስቴንሽን፣ ለግብርና፣ ለትምህርት ቤት የምትሄዱ ሁሉ ይህቺን ያዙልኝ። የቀበሌውን በር ካንኳኳችሁ በኋላ «የዚህ መንደር የቅሬ ዳኛ ማን ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው ቦታ ሠርግ ነው። እዚህ ላይ ቢላዋውን ተመልከቱ። ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ ለሙስሊም እንግዶቹ የሚሆነውን ፍየል ወይም በሬ ለሙስሊም ጎረቤቱ ያስረክባል። ጎረቤቱ ራሱ ያርዳል። ሚስቱና ዘመዶቹ በሌላ ምድጃ፣ በሌላ ድስት፣ በሌላ ማማሰያ ይሠራሉ። ደጋሹ ሙስሊም ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ጠላ የሚጠጣና የማይጠጣ አለ፤ ብርዝ ተዘጋጅቷል። ዳሱ ግን አንድ ነው። ዘፈኑም አንድ ነው። ማንም «አንተ ምንድን ነህ?» ተብሎ አይጠየቅም። አስተናጋጁ ያውቃል፤ ካላወቀ ጎረቤትህን በዓይኑ ይጠይቃል።

ከውጭ የሚመጣ ሰው ይህንን አይቶ «ልዩነት የለም» ብሎ ይጽፋል። አለ እንጂ! ሥጋው አይቀላቀልም። ድስቱ አይቀላቀልም። ወሰኑ የት እንደሆነ የስምንት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። ወሰኑ ስለሚታወቅና ስለሚከበር ነው አንድ ዳስ ውስጥ መቀመጥ የቻሉት። እኔ ከወሎ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ሌላ ቦታ ያደግን ሰዎች መከባበር ማለት ልዩነቱን አለማንሳት ይመስለናል። እነሱ አንስተው፣ ለክተው፣ ሥራ ከፋፍለውበታል።

ሥጋ የማያሻግረውን ሌላ ነገር ያሻግረዋል። ዳቦ ይሻገራል፤ የትንሣኤ ድፎ ለሙስሊሙ ጎረቤት ይላካል። ቡና፣ ቆሎ፣ ማር፣ ቅቤ ይሻገራል። በሁዳዴ ወቅት ሙስሊም ቤት ብትሄዱ ሽሮው ያለ ቅቤ ይቀርብላችኋል፤ አስታውሰውላችሁ ነው። ረመዳን ላይ ክርስቲያኑ ጎረቤት ቡናውን ደጅ ላይ አያፈላም። ለእንግዳ ስጦታ ይዛችሁ ስትሄዱም ይህንን አስቡ፦ ቡናና ስኳር የትም ቤት ይገባል።

ወዳጃ ከተጠራችሁ ሂዱ። ዝናብ ሲጠፋ፣ ሰው ሲታመም፣ ሰዎች ተሰብስበው ዱዓ የሚያደርጉበት ነው። ቡና ይፈላል፣ ጫት ይቀርባል፣ ዕጣን ይጨሳል። ክርስቲያን ጎረቤትም ችግሩን ይዞ ይመጣል። ጫት ካልቃማችሁ ማንም አያስገድዳችሁም። ሲመረቅ ግን እጃችሁን ዘርግታችሁ «አሚን» በሉ። ስልክ አውጥታችሁ ቪዲዮ አትቅረጹ። ይህንን ያደረገ አንድ ባልደረባ ነበረን፤ ማንም ምንም አላለውም፣ ሁለተኛም አልተጠራም።

አነጋገሩ ደግሞ ይማርካል። ክርስቲያኑ «ወላሂ» ብሎ ይምላል፣ ሙስሊሟ «በማርያም» ብላ ትለምናለች። «አብሽር» ዛሬ አዲስ አበባም ይባላል፤ እዚያ ግን ሐኪም ቤት አልጋ ላይ የተኛን ሰው ሲሉት ስትሰሙ ክብደቱ ሌላ ነው። ሰላምታው ረጅም ነው። ልጆቹ፣ ከብቱ፣ አዝመራው ሁሉ ይጠየቃል። ቸኩላችሁ ወደ ጉዳያችሁ አትግቡ። ለትልቅ ሰው «አንቱ» በሉ፤ ሴት እጇን ካልዘረጋች ቀድማችሁ አትዘርጉ።

ነገር ሲበላሽስ? ደም ከፈሰሰ ቅሬው ብቻውን አይበቃም። አበጋሮች አሉ። እርቅ ከአባት ወደ ልጅ የወረደላቸው ሽማግሌዎች ናቸው፤ ደም የሚያደርቁት እነሱ ናቸው። የገዳይ ወገንና የሟች ወገን በእነሱ ፊት ይቀመጣሉ። ፍርድ ቤቱ የራሱን ይሠራል፣ እነሱ ደግሞ የበቀሉን በር ይዘጋሉ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ተገኝቼ አላውቅም፤ እንግዳ የሚገባበትም አይደለም። ግን ሥራችሁ ሁለት መንደር የሚያገናኝ ከሆነ፣ መሬት ወይም ውሃ ከነካ፣ በመካከላቸው ያልደረቀ ደም መኖር አለመኖሩን ቀድማችሁ አጣሩ። እኛ አንድ የቧንቧ መስመር በዚህ ምክንያት ዙሪያ ጥምጥም አስሄደናል። ምሕንድስናው የከፋ ነበር፤ ውሃው ግን እስካሁን ይወርዳል።

ስለ ድርቁ እናንተ አታንሱ። የ1966ቱም የ1977ቱም በየቤቱ አለ። ወደ ጋምቤላና ወደ ፓዌ በሰፈራ የሄደ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ሲመጣ የተደረገውም ገና ትኩስ ነው። ሰዎቹ ሲፈልጉ ራሳቸው ያወሩታል። ከዚያ የቀረ አንድ ልማድ ግን ታያላችሁ፦ ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን ደጅ የቆመን ሰው «ግባ» ሳይሉ አያልፉም፣ እንጀራው ቢያልቅ እንኳ ቆሎ ይቀርባል። እናንተም «በልቻለሁ» ብላችሁ አትከራከሩ። ትንሽ ቅመሱ።

ሁሉም አምሮ አይደለም። ከተማ ውስጥ በሃይማኖት የተለያዩ እድሮች አጋጥመውኛል። ወጣቱ አካባቢ «ይህ ወዳጃ ምንድን ነው?» የሚል አለ፤ ከሁለቱም ወገን። ሃይማኖት አቋርጠው የሚጋቡም ቢሆን የሚቀይረው ብዙ ጊዜ የሴቷ ወገን ነው፤ ስለዚህ «ተጋብተውም ይኖራሉ» ሲባል የማን ዋጋ ተከፍሎበት እንደሆነ ጠይቁ። በቅሬውም እንጀራውን የሚጋግሩት፣ ውሃውን የሚቀዱት ሴቶች ናቸው። ዳኛ የሆነች ሴት ግን አላየሁም። የውሃ ጉዳይ ሲሆን ይህ ጎድቶናል፤ ስለ ምንጩ ከማንም በላይ የሚያውቁት ሲመከር ጓዳ ነበሩ። በኋላ ከዳኛው ሚስት ጋር ቡና እየጠጣን ነው ብዙውን ነገር የጨረስነው። እትዬ የተናገሩት ማታ ላይ በዳኛው አፍ ይወጣል።

ቅሬ ለመግባት የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ቤት በተከራያችሁ በሳምንቱ ለቅርብ ጎረቤታችሁ «ቅሬ መግባት እፈልጋለሁ» በሉ። እሱ ከቀብር መልስ ወይም በቅሬው ስብሰባ ዕለት ዳኛው ጋ ያቀርባችኋል። መግቢያውን ትከፍላላችሁ፣ ስማችሁ ይጻፋል። ለሥራ ከመንደር ስትወጡ ለጸሐፊው አስታውቁ፤ ካላስታወቃችሁ «ቀረ» ይባልባችኋል። ወደ ከተማ በቀረበ ቦታ ጥሪው አሁን በስልክም ይመጣልና ሌሊትም አትዝጉት። አካፋ ከሌላችሁ አንድ ግዙ። የተዋሰ አካፋ ይዞ መምጣት ባያስቀጣም ያስወራል።